ዲስኩ አንዴ የሚዞር፣ አንዴ የሚቆም ያገለገለ የማዳበሪያ መበተኛ ልግዛ?

ጥያቄ፦ «ሰላም ጋሼ። ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ፣ ሐይቁ ዳር ለሰርግና ለምርቃት የምናከራየው ግቢ አለን። ሳሩ 1,500 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። እስካሁን ዩሪያ የምንበትነው በእጅ ነው። ሳሩ ግን ቦታ ቦታው ይቃጠላል፣ ቦታ ቦታው ይገረጣል። አሁን ኮምቦልቻ ያለ አንድ ሰው ያገለገለ፣ በሁለት ጎማ የሚገፋ የማዳበሪያ መበተኛ ሊሸጥልኝ ነው። አዲስ አበባ ከጨረታ የገዛው ነው አለ። 80 ኪሎ ይይዛል ይላል። ቀለሙ አዲስ ይመስላል። ግን ስገፋው ከሥሩ ያለው ዲስክ አንዴ ይዞራል፣ አንዴ ይቆማል። ‹ግሪስ ብቻ ነው የሚፈልገው› አለኝ። ልግዛው? ምን ምኑን ልይ?»

ምላሽ፦

አብሽሪ እህቴ። ገንዘቡ ገና እጅሽ ላይ ነው፤ የተበላሸ ነገር የለም። ዲስኩ የሚቆመው ግን በግሪስ እጥረት አይደለም። ወይ አንዲት ትንሽ ብረት ተቆርጣለች፣ ወይ ማርሹ ተበልቷል። የመጀመሪያው ከሆነ ዕድለኛ ነሽ፤ በርካሽ ገዝተሽ እዚያው ታስተካክይዋለሽ። ሁለተኛው ከሆነ በነጻ ቢሰጥሽም አትጫኚው። የትኛው እንደሆነ ደግሞ ሻጩ ግቢ ውስጥ፣ መፍቻ ሳትይዢ መለየት ትችያለሽ።

መጀመሪያ አሠራሩን ልንገርሽ። ካላወቅሽው የተነገረሽን ሁሉ ማመን ነው። ላይኛው ክፍል ማዳበሪያው የሚገባበት ገንዳ ነው። የገንዳው ወለል ቀዳዳዎች አሉት። ቀዳዳዎቹን የሚከፍትና የሚዘጋ ስስ መዝጊያ አለ፤ እሱም እጀታው ላይ ካለው ማንሻ ጋር በዘንግ ወይም በኬብል ተያይዟል። ሁለቱን ጎማዎች የሚያገናኘው አክስል መሃሉ ላይ ማርሽ አለው። ስትገፊው ጎማው አክስሉን ያዞራል፣ አክስሉ ማርሹን ያዞራል፣ ማርሹ ደግሞ ወደ ላይ የቆመውን ዘንግ ያዞራል። የቆመው ዘንግ ታችኛው ጫፍ ላይ ዲስኩ ተቀምጧል። ላይኛው ጫፉ ገንዳው ውስጥ ዘልቆ ማዳበሪያው እንዳይደፈን የሚያማስል አጭር ሽቦ ይዟል። በቃ ይኸው ነው። ሞተር የለው፣ ኤሌክትሪክ የለው። ስለዚህ ብልሽቱም የሚደበቅበት ቦታ የለውም።

አሁን ወደ ምርመራው። ገንዳው ባዶ መሆኑን እዪና እጀታውን መሬት አስነክተሽ ገልብጪው። ጎማዎቹ አየር ላይ ይሁኑ። ቀኝ ጎማውን በእጅሽ አዙሪ፣ ቀጥሎ ግራውን። በአብዛኞቹ መበተኛዎች አክስሉን የሚያዞረው አንደኛው ጎማ ብቻ ነው። ሌላው ብቻውን ይሽከረከራል። ይህ ብልሽት አይደለም፤ ሲታጠፍ እንዳይከብድ ተብሎ ነው። ሻጩም ላያውቀው ስለሚችል አትከራከሪው።

ሁለቱም ጎማዎች ብቻቸውን ከዞሩና አክስሉ ከቆመ፣ ጎማውን ከአክስሉ ጋር የሚያስረው ኮፒሊያ (ያቺ ትንሽ የብረት ፒን) ተቆርጧል ማለት ነው። ያንቺው ዓይነት «አንዴ ይዞራል፣ አንዴ ይቆማል» ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመጣል። ኮፒሊያው ተቆርጦም ዝገቱ ጎማውንና አክስሉን ለጊዜው ያያይዛቸዋል፤ ትንሽ ጭነት ሲመጣ ይለቃል። ይህን የማያውቅ ሰው ተበላሸ ብሎ ጥግ ያቆመዋል፣ ከዓመታት በኋላም ጨረታ ላይ ይወጣል። መድኃኒቱ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ የሚሸጥ፣ ልኩ የሆነ ኮፒሊያ ነው። ምስማር አጥፈሽ አታስገቢ። ምስማር ቀዳዳውን እያሰፋ ሄዶ አክስሉን ያበላሸዋል።

አክስሉ ከጎማው ጋር አብሮ ከዞረ ደግሞ ችግሩ ወደ ታች ወርዷል። በአንድ እጅሽ ዲስኩን ያዝ አድርጊው፣ ጠበቅ ሳታደርጊ። በሌላው እጅሽ የሚያዞረውን ጎማ አሽከርክሪ። እጅሽን ገፍቶ ሊዞር ከታገለ ማርሹ ደህና ነው። የቆመው ዘንግ እየዞረ ዲስኩ ብቻ እጅሽ ውስጥ ከቀረ፣ ዲስኩን ከዘንጉ ጋር የምታስረው ፒን ናት የሄደችው። እሷም ቀላል ናት። ጎማው እየዞረ የቆመው ዘንግ ንቅንቅ ካላለና ከውስጥ «ቀጭ፣ ቀጭ» የሚል ድምፅ ከሰማሽ ግን የማርሹ ጥርስ እየዘለለ ነው።

እዚህ ላይ ተስፋ አትቁረጪ፤ አንድ ነገር ይቀራል። አክስሉን በሁለት እጅሽ ይዘሽ ወደ ጎን፣ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ግፊው። ከጥቂት ሚሊሜትር በላይ ከተንሸራተተ ጥርሶቹ ሳይበሉ ተራርቀው ሊሆን ይችላል። ሮንዴላ (መሃሉ ቀዳዳ የሆነ ስስ የብረት ቀለበት) ወድቆበት ወይም አክስሉ የሚቀመጥበት ቡሺንግ አልቆ ነው። አክስሉን እየገፋሽ ጥርሶቹን ስታገናኚያቸው ዲስኩ ሳይዘል ከዞረ ሮንዴላ መጨመር ብቻ ይበቃል። ቡሺንግም ቢሆን ኮምቦልቻ ወይም ደሴ ቶርኖ ቤት ይሠራልሻል። አገናኝተሻቸውም ከዘለለ ጥርሱ አልቋል። በተለይ ማርሹ ፕላስቲክ ከሆነ ለዚያ ሞዴል የሚሆን መለዋወጫ እኛ ገበያ ላይ አታገኚም። በብረት እናስመስለው የሚል ባለሙያ አይጠፋም፤ ይሞከራልም። ግን ለዘንግና ለቡሺንግ የሚሆነው እጅ ለሰያፍ ጥርስ ማርሽ ሁልጊዜ አይሆንም፤ ሒሳቡም ከዕቃው ዋጋ ይበልጣል። እኔ ብሆን ትቼው እሄዳለሁ።

ግሪሱን በተመለከተ፦ የማርሹ ሳጥን የታሸገ ከሆነ ቅባቱ ውስጡ አለ። ማርሹ ክፍት ከሆነ ደግሞ ከላይ ግሪስ መለቅለቅ ይጎዳዋል። የማዳበሪያው ብናኝ ግሪሱ ላይ ተጣብቆ እንደ ሞረድ ጥርሱን ይበላዋል። ስለዚህ ስትደርሺ ክፍት ማርሽ ላይ ትኩስ ግሪስ ተለቅልቆ ካገኘሽ በጨርቅ ጥረጊና ጥርሱን አንድ በአንድ እዪ። ጫፋቸው የሾለና የተላጨ ከሆነ አልቋል። ጠፍጣፋና እኩል ከሆነ ደህና ነው። ሻጩ ጨርቅ ስታወጪ ፊቱ ከተለዋወጠ መልሱን አገኘሽ።

ባዶውን ስለዞረ ብቻ ግን አትመኚው። ገንዳው ሲሞላ የምታማስለዋ ሽቦ ትከብዳለች፤ ያን ጊዜ ነው የደከመ ማርሽ የሚዘለው። ስለዚህ 10 ኪሎ ዩሪያ ይዘሽ ሂጂ። የሲሚንቶ ወለል ያለው ግቢ ፈልጊ፤ ካልተገኘም ሸራ አንጥፉ። ጨምረሽ ከ20 እስከ 30 ሜትር ያህል ግፊው፣ ከዚያ ጠርገሽ ወደ ጆንያሽ መልሺው። ይህን አልፈቅድም የሚል ሻጭ ካጋጠመሽ አመስግነሽ ተመለሺ። ገዝተሽ ሐይቅ ከደረስሽ በኋላ ችግሩን ብታገኚው ለአቤቱታ ደሴን አልፈሽ፣ የሐረጎን ጠመዝማዛ ወርደሽ መመለስ ነው። ገንዘቡን የሚመልስልሽም የለም።

በዚሁ ፈተና ላይ መዝጊያውን እዪ። ለእኔ ከማርሹ ቀጥሎ ትልቁ ነገር እሱ ነው፤ ብዙ ገዢ ግን ዞር ብሎም አያየውም። ማንሻውን ዝጊና ቁሚ። ከሥሩ የዩሪያ ፍሬ መንጠባጠብ የለበትም። የሚንጠባጠብ ከሆነ በየታጠፍሽበትና በየቆምሽበት ቦታ ክምር ይጥላል፤ ያ ቦታ በሳምንቱ ይቃጠላል። አሁን በእጅ ስትበትኑ የምታዪውን መቃጠል በገንዘብሽ ገዛሽው ማለት ነው። ባዶ እያለም ገንዳውን ወደ ፀሐይ አንስተሽ ከላይ ወደ ታች ተመልከቺ። ሲዘጋ ብርሃን ማሳለፍ የለበትም። ሲከፈት ደግሞ ሁሉም ቀዳዳዎች እኩል መከፈት አለባቸው። አንዱ ግማሽ፣ ሌላው ሙሉ ከተከፈተ መዝጊያው ተጣምሟል ወይም የደረቀ ማዳበሪያ ተጋግሮበታል። የተጋገረው በሞቀ ውኃ ይለቃል። የተጣመመው ስስ ላሜራ ከሆነ ይቃናል፣ ፕላስቲክ ከሆነ ግን ይሰበራል። የኬብሉ ነገር አያስጨንቅሽ። ከብስክሌት ፍሬን ኬብል ጋር ስለሚመሳሰል መተኪያ አይጠፋም።

ስለ አዲሱ ቀለም ጠይቀሻል ማለት ይቻላል፣ ባትጠይቂም እመልሳለሁ። ያገለገለ የማዳበሪያ ዕቃ ላይ አዲስ ቀለም ሲታይ እኔ አልደሰትም። የማዳበሪያ ብናኝ ከአየር እርጥበት እየሳበ ብረት ይበላል፤ በተለይ ብየዳው አካባቢና ብሎኖቹ ሥር። በውጭ አገር ደግሞ አንዳንዶቹ መበተኛዎች ክረምት ላይ በረዶ ለማቅለጥ ጨው ሲበትኑ የኖሩ ናቸው። ጨው የነካው ብረት በቀለም አይድንም። ቀለም ያልደረሰበትን ቦታ ፈልጊ፦ የገንዳው ሥር፣ የዳዶዎቹ ውስጥ፣ አክስሉ የሚያልፍበት ቀዳዳ። በሳንቲም ጫረት አድርጊው። ቀለሙ ከነቅርፊቱ ከተነሳና ከሥሩ የዝገት ዱቄት ከወጣ ገንዳው ብዙ አይቆይም። ገንዳው ፕላስቲክ ከሆነ ዝገት የለበትም፤ ጠላቱ ፀሐይ ነው። ብሎኖቹ የገቡበትን ቀዳዳ ዙሪያ በአውራ ጣትሽ ጫን በይ። እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ የሚጀምረው ከዚያ ነው። የውጭው ክፈፍና እጀታው ቢዝግ፣ ቢሰበርም ግድ የለሽም። ብየዳ ቤት በየመንደሩ አለ።

ደግሞ ገንዳውን ማሽተት አትርሺ። ቀደም ሲል የአረም መድኃኒት የተቀላቀለበት ማዳበሪያ ተበትኖበት ከሆነ ትራፊው ለአበባሽ ጥሩ አይደለም። ሽታ ባይኖረውም ከመጠቀምሽ በፊት በሳሙና አጥበሽ ደጋግመሽ አለቅልቂው። ውኃውንም ሐይቁ ዳር አትድፊ።

ጎማው ላይ ቁጥር ተጽፏል። ለምሳሌ 4.10/3.50-4 የሚል ልታገኚ ትችያለሽ። ቁጥሩን በስልክሽ አንሺና ከመክፈልሽ በፊት ጎማ ቤት ጠይቂ፣ ካላማዳሪው ይገኛል ወይ? የተለመደው የግንባታ ጋሪ ጎማ መጠኑ የተለየ ነው። ትልቅ ጎማ ብትቀይሪለት አክስሉ ዝግ ብሎ ይዞራል፣ ዲስኩም በዚያው ልክ ይዳከማል፤ መበተኛው የሚጥልበት ስፋት ይጠባል። በነፋስ የማይሞላ፣ ደረቅ የፕላስቲክ ጎማ ካለው ደግሞ እርጥብ ሳር ላይ ይንሸራተታል። ጎማው ተንሸራተተ ማለት ዲስኩ ቆመ ማለት ነው። ለደረቅ መንገድ ደህና ነው፤ ለሰርዶ ግን አልወደውም።

«80 ኪሎ ይይዛል» የተባለው ነገር ያስቃል። ዕቃው ላይ 80 የሚል ቁጥር ሳይኖር አይቀርም፤ ግን ፓውንድ ነው። 80 ፓውንድ 36 ኪሎ ገደማ ነው። ሻጩ ሊያታልልሽ ፈልጎ ላይሆን ይችላል፤ ያነበበውን ነው የነገረሽ። ለዋጋ ስትከራከሪ ግን ያዢው። ለነገሩ አንቺ 36ቱንም አትፈልጊውም። ሒሳቡን እንሥራ።

ሳር በአንድ ጊዜ በካሬ ሜትር ከ5 ግራም ናይትሮጅን በላይ ባይሰጠው ይመረጣል። ዩሪያ 46 ከመቶው ናይትሮጅን ነው። ስለዚህ ጣሪያው በ100 ካሬ ሜትር ከ1 ኪሎ ትንሽ በለጥ ያለ ዩሪያ ነው። እኔ የምመክርሽ ግማሹን ነው፤ በ100 ካሬ ግማሽ ኪሎ። ለ1,500 ካሬሽ ሰባት ኪሎ ተኩል። አንድ ባለ 50 ኪሎ ጆንያ ስድስት ዙር ያስኬድሻል። ገበሬው ዩሪያ በሚጠብቅበት ሰሞን ለሰርግ ሳር በኩንታል መበተን ለእኔ ደስ የሚል ነገር አይደለም፤ ሳሩም አያስፈልገውም።

አሁን አንድ ነገር በቅንነት ልጠይቅሽ። ሰባት ኪሎ ተኩል ለመበተን ጋሪ ያስፈልጋል? ሳሩ ቦታ ቦታው የተቃጠለው በእጅ ስለተበተነ አይመስለኝም። የበተነው ሰው ሳይመዝን፣ ሳይከፋፍል ስለበተነ ነው። ወረዳችሁ ተሁለደሬ ውስጥ ጤፍ የሚዘራ እጅ ሞልቷል። ያን የመሰለ ደቃቅ ዘር እኩል የሚጥል ገበሬ ዩሪያ አያቅተውም። ግቢውን በገመድ 15 ቦታ ክፈዪው፤ እያንዳንዱ 100 ካሬ ይሁን። ለእያንዳንዱ ግማሽ ኪሎ መዝነሽ በላስቲክ አዘጋጂ። ግማሹን ከላይ ወደ ታች፣ ግማሹን ከቀኝ ወደ ግራ እያቋረጠ ይበትን። ጓንት ይልበስ። እንዲህ ከተሠራ ከመካከለኛ መበተኛ አያንስም። በዓመት ሦስቴ ብቻ የምትበትኑ ከሆነ እኔ ይህን እመርጣለሁ። ጋሪው ዋጋ የሚያወጣው ግቢው ሰፋ ሲል፣ ወይም የሰለጠነ እጅ በየጊዜው ማግኘት ሲቸግርሽ፣ ወይም የሠፈሩን የኳስ ሜዳና የሌላ ሰው ግቢ ጨምረሽ በክፍያ ስትሠሪ ነው። አንድ ሙሉ የኳስ ሜዳ፣ 105 በ68 ሜትር፣ 7,000 ካሬ አለፍ ይላል። እሱን በእጅ ማለት አድካሚ ነው። በመካከል ደግሞ በትከሻ ተንጠልጥሎ በእጅ የሚዞር ትንሽ መበተኛ አለ። ካገኘሽ ለ1,500 ካሬ ከበቂ በላይ ነው።

ጋሪውን ልትገዢ ከወሰንሽ ግን የምትኖሪበትን ቦታ አስቢ። ግቢሽ ሐይቁን ይነካል። ሐይቅ ደግሞ የሚወጣለት ወንዝ የለውም። አንከርካ ወንዝ ይገባበታል፣ የሚወጣ ግን የለም። የገባው ማዳበሪያ እዚያው ይቀራል። ዲስክ ያለው መበተኛ በየጎኑ አንድ ሜትር አልፎም ስለሚወረውር ውኃው ዳር ስትደርሺ ለቆሮሶ ዓሣው ነው የምትበትኚው። በተለይ ኤንፒኤስ የሚባለውን ማዳበሪያ አትጠቀሚ። 38 ከመቶው በፎስፈረስ ኦክሳይድ (P2O5) የሚለካ የፎስፈረስ ድርሻ ነው። ሥር የሰደደ ሳር ያን ያህል ፎስፈረስ አይፈልግም፤ ሐይቅ ውስጥ ገብቶ ግን አልጌ ያበዛል። አልጌው ሲሞትና ሲበሰብስ የውኃውን ኦክስጅን ይጨርሳል። ከውኃው ጠርዝ ቢያንስ 5 ሜትር ምንም ሳትበትኚ ተዪ። አንዳንድ መበተኛ አንዱን ጎን የሚዘጋ መከለያ አለው። የምትገዢው ካለው ጥሩ፤ ከሌለው ከላሜራ አሠርተሽ ማሰር ትችያለሽ።

ከዲስክ ሌላ ዓይነትም አለ። ዲስክ የለውም፤ ሣጥን መስሎ ማዳበሪያውን በቀጥታ ከሥሩ ያንጠባጥባል። ለሐይቅ ዳርና ለአበባ መደብ ጠርዝ እሱ ይሻላል፤ ወደ ጎን አይወረውርም። ስፋቱ ግን ግማሽ ሜትር አካባቢ ነው። አንዱን መስመር ከሌላው ጋር በትክክል ካላገናኘሽ ሳሩ አረንጓዴና ቢጫ መስመር ያወጣል። አሁን ድሮን ሳይዝ ሰርግ የሚመጣ ፎቶ አንሺ የለም፤ መስመሩን ከላይ ሆኖ ለአገር ያሳይልሻል።

ገዝተሽ ቤት ካደረስሽው በኋላ እጀታው ላይ ያለውን የቁጥር ማስተካከያ አትመኚ። ቁጥሮቹ የተሠሩት ለሌላ አገር ማዳበሪያ ነው። መመሪያው ጠፍቷል ተብሎ ዋጋ ቢቀንሱልሽ ተቀበዪ፤ ለእኛ ዩሪያ የሚሆን ቁጥር እዚያም አልነበረም። ራስሽ ለኪው። ሳሩ ላይ 40 ሜትር በገመድ ዘርጊ። ማሽኑ 2.5 ሜትር ስፋት ከጣለ ይህ 100 ካሬ ነው። 5 ኪሎ መዝነሽ ጨምሪ፣ በተለመደ እርምጃሽ ሂጂ፣ የቀረውን መልሰሽ መዝኚ። ሁለት ጊዜ እያቋረጥሽ ስለምትሄጂ በአንዱ ጉዞ ሩብ ኪሎ ነው መጥፋት ያለበት። ከበለጠ አጥብቢ፣ ካነሰ አስፊ። አንዴ ያገኘሽውን ቦታ በጥፍር ቀለም ምልክት አድርጊበት።

ስፋቱ እውነት 2.5 ሜትር መሆኑን ለማየት ደግሞ ሰባት አንድ ዓይነት የፕላስቲክ ሳህኖች በ40 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ደርድሪ። መሃለኛውን በሁለቱ ጎማዎች መካከል አሳልፊው፤ ጎማዎቹ የሚነኳቸውን ለጊዜው አንሺ። መዝጊያውን ሰፋ አድርገሽ ሦስት አራቴ በዚያው አቅጣጫ እለፊና የገባውን አነጻጽሪ። ጫፍ ላይ ያሉት ከመሃሉ ግማሽ ያህል ቢኖራቸው ምንም አይደል፤ ቀጣዩ መስመር ይሞላዋል። አንዱ ጎን ሞልቶ ሌላው ባዶ ከሆነ ግን ዲስኩ ላይ ካሉት ክንፎች አንዱ ተሰብሯል ወይም ማዳበሪያ ተጋግሮበታል።

ስትበትኚ መጀመሪያ መራመድ ጀምሪ፣ ከዚያ ክፈቺ። መጀመሪያ ዝጊ፣ ከዚያ ቁሚ። ሳሩ ደረቅ ይሁን፤ ጤዛ ያለበት ቅጠል ላይ የተጣበቀ ዩሪያ ያቃጥላል። ከበተንሽ በኋላ ግን በዚያው ቀን ውኃ አጠጪ፤ ላይ ላዩን ከቀረ ናይትሮጅኑ አየር ላይ ይበናል። ለወሎ የበልግ መጀመሪያና የክረምት መግቢያ ጥሩ ናቸው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ዶፍ ሊወርድ ሲል አትበትኚ፤ ጎርፉ ወስዶ ሐይቅ ውስጥ ይከተዋል። የጥር ሰርግ ካለብሽ ከሁለት ሦስት ሳምንት አስቀድመሽ ስጪው፤ በጋ ስለሆነ ቧንቧሽ መድረሱን አስቀድመሽ አረጋግጪ።

ሻጩ «ፍግም ይበትናል» ካለሽ አይደለም። ፍግና ብስባሽ እርጥብ ስለሆነ ቀዳዳውን ይደፍናል፣ ማርሹንም ይሰብራል። ሐይቅ ዳር ዩሪያም ቢሆን እርጥበት እየሳበ ይጓጉላል። በወንፊት ነፍተሽ ጨምሪ፤ የማይነፋውን ተዪው።

ዋጋውን በተመለከተ ስንት እንዳለሽ አልጻፍሽልኝም። የእኔ ልክ ይህ ነው። ማርሹ ብረት ከሆነ፣ መዝጊያው ከዘጋና ፈተናውን በጭነት ካለፈ እስከ አዲሱ ዋጋ ግማሽ ድረስ ክፈዪ። ማርሹ ፕላስቲክ ከሆነ ጤነኛም ቢሆን ከሲሶ አትለፊ። ዲስኩ አሁን በሚያሳየው ጠባይ ደግሞ ችግሩ ኮፒሊያ ይሁን ማርሽ ሳይለይ ቀብድ አትስጪ። ኮፒሊያው መሆኑን ካወቅሽ ለሻጩ የመንገር ግዴታ የለብሽም የሚል ሰው አለ። እኔ ግን ብትነግሪው እመርጣለሁ፤ ሰውየውም ወሎዬ ነው፣ ነገ ትገናኛላችሁ። ብቻ «ራሴ አሠራዋለሁ፣ የማሠሪያውን ቀንስልኝ» በይው። የጨረታውን ደረሰኝ ኮፒም ተቀበዪ።

በተጠቀምሽ ቁጥር ገንዳውን ጨርሰሽ አራግፊ። ማዳበሪያ አሳድረሽበት ጠዋት ብትመጪ መዝጊያው ተጣብቆ ታገኚዋለሽ። በውኃ እጠቢ፣ ፀሐይ ላይ አድርቂ፣ አክስሉና መዝጊያው ላይ ቀጭን ዘይት አስነኪ። ከዚያ ከፀሐይ ጥላ፣ ማዳበሪያ ከሌለበት ክፍል አስቀምጪው። ትርፍ ኮፒሊያ ሁለት ሦስት ገዝተሽ እጀታው ላይ በላስቲክ እሰሪያቸው።